እሳት ያልነካው ፍትፍት

ይህን የምጽፈው በእጇ ሙያ ለምትኮራ ሴት ነው። ወንድ ቢያነበው አልከለክልም፤ ግን ድግስ በተደገሰ ቁጥር «እሷ ካልመጣችማ ምኑ ይበላል» የምትባለዋን ሴት ነው የምፈልጋት። እኔ ራሴ እንደዚያ ነበርኩ። በደብረ ማርቆስ በሠፈራችን ክርስትና ሲሆን፣ ተዝካር ሲሆን፣ የማርያም ማኅበር ሲደርስ ቀድሞ የሚላከው ወደ እኔ ነበር። ሰው ሲያመሰግነኝ አንገቴን ብደፋም ሆዴ በደስታ ይሞላ ነበር። ትዕቢት ነው ካላችሁኝ አልሟገትም።

ከሁሉ አብልጦ ስሜን ያስጠራው የሱፍ ፍትፍት ነው። ሱፉን እለቅማለሁ፣ እቀቅላለሁ፣ እወቅጣለሁ፣ ከዚያ ከእንስራ በቀዳሁት ውሃ በጥብጬ አጠልለዋለሁ። ወተት የመሰለው ጭማቂ ሲወርድ ቃሪያና ሽንኩርት ጣል አድርጌ እንጀራውን በእጄ እየቆራረስኩ፣ በእጄ እያገላበጥኩ አረሰርሰዋለሁ። ምድጃ ላይ አይወጣም፤ የሚበላው ቀዝቅዞ ነው። በጾም፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ ጉሮሮው የደረቀ ሰው ሲጎርሰው ዓይኑን ይጨፍናል። እኔም ያንን ለማየት ነበር የምደክመው።

እጄን እታጠብ ነበር ወይ? እታጠብ ነበር እንጂ። ግን በውሃ ብቻ። ሳሙና የነካው እጅ ሽታው ምግብ ውስጥ ይገባል ተብዬ ነው ያደግሁት። ባለሙያ ሴት ሊጥ ልትነካ፣ ፍትፍት ልትፈተፍት ስትል ሳሙና አትነካም። ሳሙና ለልብስና ለገላ ነው። አንዲት ጎረቤቴ በሳሙና ታጥባ የሠራችውን ስልጆ ቀምሼ «ይች ደግሞ ልብስ ያጠበችበት ነው እንዴ» ብዬ ሴቱን ሁሉ እንዳሳቅሁ አልረሳውም።

ሕመሙ የጀመረኝ ሚሌኒየሙ ሊከበር ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። መጀመሪያ ግንባሬን ወጋኝ። ቀጥሎ ብርድ ብርድ አለኝ፣ ምግብ አስጠላኝ። የሠፈሩ ሴቶች «ምች ነው የመታሽ» አሉኝና ዳማከሴ አሽተው አሸተቱኝ፣ ጨምቀውም አጠጡኝ። ሁለት ቀን የተሻለኝ መሰለኝ። ከዚያ ወዲያ ግን በየማታው ትኩሳቱ ከትናንቱ እየባሰ ይመጣ ጀመር።

ከገና በኋላ ለዘመድ ሠርግ ወደ ዓባይ በረሃ ወርጄ ስለነበር ወባ ነው ብዬ ደመደምኩ። ክሊኒክ ስሄድም ሐኪሙ ሳይጠይቀኝ በፊት «በረሃ ወርጄ ወባ ይዞኝ ነው» አልኩት። እሱም የወባ መድኃኒት ሰጠኝ። አልለቀቀኝም። ሌላ ቦታ ብሄድ ጨጓራ ነው ተባልኩ። እኔ ግን ወባ ነው ማለቴን አልተውኩም፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ። ባሌ ሙሉጌታ አናጢ ነው፤ ነገር አያበዛም። አንድ ጠዋት ሥራውን ትቶ፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በሩ ላይ ቆመና «ተነሽ፣ ሆስፒታል ነው የምንሄደው» አለኝ። መነሳት አቅቶኝ ደግፎ አነሳኝ።

እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ከጠዋት እስከ ከሰዓት ተቀመጥን። ከጎኔ ከይጁቤ በኩል የመጣች ሴት ነበረች፤ የታመመ ወንድሟን ልታስታምም ነው የመጣችው። ራሴን መሸከም ሲያቅተኝ አይታ ነጠላዋን አጣጥፋ ትከሻዋ ላይ አደረገችና «ጋደም በይ እታለም» አለችኝ። የማላውቃት ሴት ትከሻ ላይ ተኛሁ። ስነቃ ከአገልግሏ የበሶ ጭብጦ አውጥታ ለሁለት ገመሰችው፤ በሞቴ ብላ አጎረሰችኝ። እኔም ይሉኝታ ይዞኝ፣ በዚያው በታመመ እጄ ቆርሼ መልሼ አጎረስኳት። ደግነቷን ዛሬም አስታውሳለሁ። ያቺ ጉርሻዬ ምን አድርጋት ይሆን የሚለውን ደግሞ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

በመጨረሻ ታይፎይድ ነው ተባልኩ። የአንጀት ተስቦ የሚሉት ነው፤ ጀርሙ በምግብና በውሃ ወደ ሆድ ይገባል። የሁለት ሳምንት እንክብል ተሰጠኝ። በስድስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀኝ፣ እንጀራ አማረኝ፣ ድኛለሁ አልኩ። የተረፈውን እንክብል በወረቀት ጠቅልዬ ለክፉ ቀን ይሆናል ብዬ ሙዳይ ውስጥ አስቀመጥኩት። ሐኪሙ ጨርሽው ብሎኝ ነበር። እኔ ግን የዳነ ሰው መድኃኒት ሲውጥ መድኃኒት ማባከን መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ አልታመምኩም። ቅቤ የበዛበት ወጥ ስበላ ብቻ ከቀኝ ጎድኔ ሥር ጨምድዶ ይይዘኝ ነበር፤ እሱንም ጨጓራ ነው ብዬ ተውኩት።

ሙሉጌታ በዚያው ዓመት ሁዳዴ ላይ ታመመ። ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የሆድ ቁርጠት። «ሥራና ጾም አልስማማ ብሎት ነው» አልን። ለፋሲካ ተነሳ። በሚቀጥለው ሁዳዴ ደግሞ ከማኅበራችን ሁለት ሴቶች ተኙ። እነሱንም ጾሙ ነው የጎዳቸው ብለን ጠየቅናቸው፣ አጽናናናቸው፤ ስሄድ ደግሞ በሳህን ሱፍ ፍትፍት ይዤላቸው ነበር። አንዷ አልበላም ብላ ፊቷን ስታዞር ለምኜ፣ አፈር ስሆን ብዬ፣ በግድ ነው ያጎረስኳት።

በሦስተኛው ዓመት ሰብለ ታመመች። ሰብለ አንድ ልጄ ናት። ካገባች ሁለት ዓመቷ ነበር፣ የመጀመሪያዋን አርግዛ አምስተኛ ወሯን ይዛለች። የፍልሰታ ጾም ነው። ነፍሰ ጡር እንዳትጾም ንስሐ አባቷ ነግረዋታል፤ እሷ ግን ፍልሰታን አልተውም ብላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትቆያለች። እኔም ሆዷ ባዶ እንዳይውልብኝ ብዬ በየቀኑ ከሠፈሬ ሠፈሯ ድረስ በሽፍን ሳህን ሱፍ ፍትፍት አመላልስላት ነበር። «በቃኝ እማ» ስትል «ይችን ብቻ፣ ይች ለልጁ ናት» እያልኩ አጎርሳታለሁ።

ጾሙ ሳይፈታ ትኩሳት ጣላት። ሆስፒታል አስገባናት። ሦስት ሌሊት ከአልጋዋ ሥር ጋቢ አንጥፌ ተኛሁ፤ ተኛሁ ልበል እንጂ ትንፋሿን ስቆጥር ነው ያደርኩት። በአራተኛው ቀን ልጁ ወረደ። ወንድ ነበር። ሰብለ አላለቀሰችም፤ ግድግዳውን ስታይ ዋለች።

እዚያ ክፍል የምትሠራ አንዲት ወጣት ጤና መኮንን ነበረች። ሁላችንም ሲስተር እንላታለን። ሰብለ እንቅልፍ ሲወስዳት ኮሪደር ላይ ጠርታ አስቀመጠችኝ፤ እስክሪብቶና ወረቀት ይዛለች።

«እናቴ፣ ከልጅዎ በፊት ከቤተሰብ፣ ከጎረቤት፣ እንዲህ የታመመ ነበር?»

«ኧረ እኔም ታምሜ ነበር። ባሌም ታሟል። ከማኅበራችንም ሁለት ሴቶች ታመው ነበር።»

«መቼ መቼ ነው የታመሙት?»

ነገርኳት። ባሌ በሁዳዴ፣ ሴቶቹ በሌላው ሁዳዴ፣ ልጄ በፍልሰታ። «አየሽ ልጄ፣ ጾሙ ነው የሚጎዳቸው» አልኳት።

«በጾም ጊዜ እነዚህ ሁሉ አብረው የሚበሉት ምግብ አለ?»

እኔ ሞኟ፣ ልጄ እዚያ ተኝታ፣ ጥያቄው ደስ አለኝ። «የእኔን ሱፍ ፍትፍት ነዋ። በጾም የማይጠይቀኝ የለም። ለፋሲካ ደግሞ ዶሮውንም የምሠራው እኔ ነኝ» አልኳት።

«ከዶሮው በልቶ የታመመ አለ?»

«የለም።»

እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠች። «ዶሮውን እሳት ያበስለዋል። ፍትፍቱን ግን ከእጅዎ በኋላ የሚነካው እሳት የለም» አለችኝ።

መጀመሪያ ተቆጣሁ። ደህና ሴት መሆኔን፣ ቤቴ ንጹሕ መሆኑን ነገርኳት። እሷም አልተቆጣችም፤ በትዕግሥት አስረዳችኝ። አንዳንድ ሰው ከታይፎይድ ይድናል፣ ጀርሙ ግን ሐሞት በሚጠራቀምበት ከረጢት ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። ሰውዬው ደህና ነው፣ ምንም አያመውም፤ ሽንት ቤት በተቀመጠ ቁጥር ግን ጀርሙ ይወጣል። እጅ ላይ፣ ጥፍር ሥር ይቀራል። ውሃ ብቻውን አያስለቅቀውም። «እርግጠኛ ለመሆን መመርመር አለብዎት» አለችኝ። በዚህ ዕድሜዬ ሰገራዬን በትንሽ ዕቃ ይዤ መሄድ ሞት ሆነብኝ። ሄድኩ። ናሙናው ባሕር ዳር ተልኮ ውጤቱ በጥቅምት መጣ። ጀርሙ አለብኝ።

«ለሰብለ እንዳትነግራት» አልኩት ለሙሉጌታ።

«ከሰው አፍ ከምትሰማው ካንቺ ትስማው» አለኝ።

«ትንሽ ትጠንክር።»

«እሷ ትጠንክር ነው ወይስ አንቺ?» ብሎ መሮውን ይዞ ወጣ።

አልነገርኳትም። ምግብ መውሰዴንና ለድግስ ፍትፍት መሥራቴን ብቻ አቆምኩ፤ እግሬን አሞኛል አልኩ። አንድ ወር ሙሉ እንክብል ዋጥኩ፤ በዚህኛው ጊዜ አንዲት ፍሬ አላስቀረሁም። እንደገና ብመረመር ጀርሙ አሁንም አለ። በአልትራሳውንድ ሆዴን ሲያዩኝ ሐሞት ከረጢቴ ውስጥ ጠጠር ተገኘ፤ ጨጓራ ነው ያልኩት የቀኝ ጎኔ ሕመም እሱ ነበር። ጀርሙ ጠጠሩ መሀል ተሸሽጎ መድኃኒቱ አይደርስበትም አሉኝ። ከረጢቱ በቀዶ ሕክምና እንዲወጣ ለሚያዝያ ቀጠሮ ተያዘልኝ፤ ባሕር ዳር።

ቢላዋውን ፈራሁ። ከዚያ የባሰ የፈራሁት ደግሞ ምስጢሬን ይዤ መሞትን ነው። ከጉዞው ሁለት ቀን በፊት ሰብለ ቤት ሄጄ፣ ነጠላዬን እንኳን ሳላወልቅ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ፍትፍቱን፣ ውጤቱን፣ ልጁን። ታለቅሳለች ወይም ታስወጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

«እኔ ደግሞ በራሴ የመጣ መስሎኝ» አለች ቀስ ብላ። «ነፍሰ ጡር ሁና ማን ጹሚ አላት እያሉኝ። አንዳንዴ ደግሞ ምን በድዬው ነው እግዜር የነሣኝ እላለሁ። ይችንው ሳወጣ ሳወርድ ነው የማድረው።» «መቼ ነው ያወቅሽው?» አለችኝ።

«በጥቅምት።»

በጣቷ ቆጠረች። «ልጁን አንቺ አልገደልሽውም፤ አታውቂም ነበር እማ። እነዚህን ስድስት ወሮች ግን ታውቂ ነበር።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል የሚጎዳው በሽተኛው ብቻ ይመስለኝ ነበር። እኔ ለራሴ ክብር ስል የደበቅሁት ልጄን ስድስት ወር ሙሉ ራሷን ሲያስወቅሳት ከረመ። ከሕመሜ ሁሉ ይቅርታ የምለምንበት እሱን ነው። ጀርሙን ሳላውቅ አስተላለፍኩት፤ ዝምታውን ግን እያወቅሁ ነው።

ቀዶ ሕክምናው ደህና ሆነ። ሰብለ ባሕር ዳር ድረስ መጥታ አስታመመችኝ፤ አጥሚት በፔርሙስ አመጣችልኝ፣ ጀርባዬን አጠበችልኝ፣ ያጎደለችብኝ የለም። ማርቆስ ከተመለስን በኋላ ግን ቤቴ ስትመጣ ውሃ እንኳን አትቀምስም ነበር። «ጠግቤያለሁ እማ» ትላለች። በአክብሮት ነው የምትለው። ያ አክብሮቷ ከስድብ የባሰ ያመኝ ነበር።

ለማኅበሩ ሴቶችም ተራ ደርሶ ሲሰበሰቡ ተነሥቼ ነገርኳቸው። ያቺ በግድ ያጎረስኳት ሴት «እኛስ ከአምናው ጀምሮ ስንጠረጥር ነበር፤ አንቺን ማን ደፍሮ ይንገርሽ» አለችኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። አንዳንዷ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኔ ጋር አንድ ትሪ መቅረብ ተወች፤ አልፈረድኩባትም። የከበዱኝ ሌሎቹ ናቸው። «እኛ እንደሆን አንጠየፍሽም፣ በእጅሽ አጉርሽን» እያሉ የሚያስቸግሩኝ። በእኛ አገር የሰው እጅ መጠየፍ ነውር ነው፤ ከበሽተኛ ጋር ያልበላ ሰው ክፉ ይባላል። ስለዚህ ደግ ሴቶች፣ ለእኔ ክብር ብለው፣ ሊታመሙ ፈቀዱ። «እናንተ ባትጠየፉኝም እኔ እፈራላችኋለሁ» ብዬ እጄን ነጠላዬ ውስጥ አስገብቼ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት እየተመላለስኩ ተመረመርኩ። ያኔ ያፈርኩባትን ትንሽ ዕቃ አሁን ሳላፍር በፌስታል ይዤ እሄዳለሁ። ተራዬን የምጠብቅበትን አግዳሚ ወንበር ጥበቃው ራሱ ያውቅልኝ ነበር። በመጨረሻ ሲስተር ወረቀቱን ሰጥታኝ «እናቴ፣ ነጻ ነዎት» አለችኝ። እየሮጥኩ ለሰብለ ወሰድኩላት። አነበበችው፣ አጣጥፋ መለሰችልኝ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። ያን ቀንም ጠግባ ነበር።

አንቺ በእጅሽ የምትኮሪ፣ አሁን የምልሽን ስሚኝ። ፍትፍትሽን ተዪ አልልሽም፤ እኔም አልተውኩም። ግን ከሽንት ቤት ስትመለሽ፣ ምግብ ልትነኪ ስትይ፣ በሳሙና ታጠቢ። ሽታው ካስጠላሽ ሽቶ የሌለውን የልብስ ሳሙና ተጠቀሚ፤ እሱ ከጠፋ አመድ ይሻላል። እሳት የማይነካውን ምግብ ደግሞ በፈላና በቀዘቀዘ ውሃ ሥሪው፣ በጭልፋም አገላብጪው። በጭልፋ የተፈተፈተ አይጣፍጥም ትይኝ ይሆናል። እውነትሽን ነው፣ ትንሽ ይቀንሳል። መድኃኒትሽን ግን እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ዋጪው። ተኝቶ የምትጠይቂውን ሰው ደግሞ አልበላም ካለሽ በግድ አታጉርሺው፤ ለፍቅር ያልሽው ዕዳ እንዳይሆንበት።

ሰብለ እንደገና ያረገዘችው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ዘጠኙን ወር አብሬያት አምጬ ከረምኩ ብል ማጋነን አይደለም። ሴት ልጅ ወለደች፤ ሁለቱም ደህና ሆኑ። በወለደች በሦስተኛው ቀን ልጠይቃት ስገባ አማቷ ወይዘሮ ደብሬ ገንፎ አገንፍተው፣ መሀሉን አጎድጉደው በርበሬና ቅቤ ሞልተውበት ከአልጋው አጠገብ አስቀምጠዋል። ጎረቤቶች ከበዋል። አራስ በእናቷ እጅ መጉረሷ የታወቀ ነው፤ ሁሉም ታሪኩን ስለሚያውቅ ማንም እኔን አላየም። እኔም ራሴ በሩ አጠገብ ቆምኩ። እጆቼን ነጠላዬ ውስጥ አስገባሁ፤ ልማድ ሆኖብኛል።

ሰብለ ልጇን ለአማቷ አቀበለችና «ማስታጠቢያና ሳሙና አምጡልኝ» አለች።

አመጡላት። ለራሷ መሰለን። እሷ ግን ከአልጋዋ ቀና ብላ ማንቆርቆሪያውን በገዛ እጇ ያዘች። «ነይ እማ» አለችኝ።

«ምነው ሰብለ፣ አራስ እጅ ታስታጥባለች እንዴ! እኔ ላስታጥባቸው» አሉ ወይዘሮ ደብሬ።

«ተዉኝ እትዬ፣ እኔው ነኝ የማስታጥባት።»

ሄጄ ተንበረከክሁ። ውሃው ለብ ያለ ነበር። ሳሙናውን አሸሁ። «ጣቶችሽ መሀል» አለችኝ። አሸሁ። «አውራ ጣትሽ። ጥፍርሽም ሥር።» ድምጿ የኮስታራ መምህር ድምፅ ነው። ዓይኗን ከእጆቼ ላይ አንዴም አላነሳችም። እንደገና አሳሸችኝ፣ እንደገና አፈሰሰችልኝ። አንዷ ነጠላዋን ለማድረቂያ ስትዘረጋልኝ ሰብለ በራሷ ንቅንቅ ከለከለቻት፤ እጄ በአየር እስኪደርቅ ሁላችንም ጠበቅን።

ከዚያ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠችና ትራሷን ተደገፈች። ከገንፎው ጫፍ ቆርሼ ቅቤውን አስነካሁት። እጄ ቅቤ ላይ ቆይቶ ነበር መሰለኝ፣ «ምን ትጠብቂያለሽ?» አለችኝ።

አፏን ከፈተች። አጎረስኳት። ቀስ ብላ አላመጠች፣ ዋጠች፣ እንደገና ከፈተች።